ሳምራዊቷና እትዬ ታንጉት

ንፋስ መውጫ
ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ እትዬ ታንጉት፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ከዚህ ከንፋስ መውጫ ብርድ በቀር የሚጎዳኝ ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ የሺ እንደሆነች አውቃለሁ። በጀርባዎ ታዝላ የማውቃት ሕፃን ዛሬ ፊደል ቆጥራ ደብዳቤ አንባቢ መሆኗን የመካነ ኢየሱሱ መምህር ቀለመ ወርቅ ነግሮኛል። የሺ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ የሚከብድሽ ቦታ ስትደርሺ አትዝለዪው። ለእናትሽ አዝነሽም ቃሉን አታለዝቢው። እንደተጻፈ አንብቢላቸው።

«እትዬ» ብዬ መጀመሬ ሳያስገርምዎ አይቀርም። ጋይንት ቤተ ልሔም ለትምህርት ሳለሁ እርስዎ የእናቴ እኩያ፣ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት የድጓ ተማሪ ሆኜ «አንቺ» ነበር የምልዎ። እኔ ብቻም አልነበርኩም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እርስዎን «አንቺ»፣ ባለቤትዎን አቶ ጓዴን «አንተ» እያለ ነው ያደገው። ሸክላ ለሚሠራና ብረት ለሚቀጠቅጥ አንቱታ አይገባውም ተብሎ ተነግሮናላ። ወጥ የምንሠራበት ድስት ከእጅዎ ይወጣል፤ አባቴ ቄስ አስማረ የሚያርሱበትን ማረሻ ከሩቅ ተልኮላቸው አቶ ጓዴ ይስላሉ፤ እኛ ግን ደጃችሁን አንረግጥም፣ ከዕቃችሁ አንጠጣም። ባለ እጅ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ሲባል ሰምተን አምነን ነው ያደግነው።

በኅዳር ወር በመካነ ኢየሱስ ገበያ ፊትዎ ቆሜ ልነግርዎ ፈልጌ አፌን የያዘኝ ነገር አለ። እሱን ነው የምጽፍልዎ። ታሪኩን አብዛኛውን ያውቁታል። እኔ ማወቄን ግን አያውቁም።

በ፲፱፻፵፪ ዓ.ም. በሰኔ ተስቦ ቤተ ልሔም ገባ። አንድ ጎጆ ውስጥ አንዱ ተማሪ ሲታመም ሌሎቹ ደበሏቸውን ጠቅልለው ወደየአገራቸው ይሸሻሉ። የእኛ ጎጆ ከሁሉም ዳር፣ እርስዎ የሸክላ አፈር ወደሚቆፍሩበት ቦታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። ስድስት ሆነን እንኖርባት ነበር። አራቱ ሲሄዱ እኔና የስማዳው ይሁኔ ቀረን። ሁለታችንም መነሣት አቅቶን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው እደጃፉ ድረስ እየመጣ ቆሎና ውሃ አስቀምጦልን ይመለስ ነበር። ኋላ እሱም ቀረ። አባቴ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው በደብራቸው ነበሩና መታመሜን አልሰሙም።

«ውሃ፣ ውሃ» ስንል የሰሙን እርስዎ ነዎት። አፈር ሊቆፍሩ ሲወርዱ ዶማዎን ደጃፉ ላይ ጣል አድርገው፣ የሺን እንዳዘሉ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ዛሬም ይታየኛል። ማን እንደሆኑ ሳውቅ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ሳለ ፊቴን አዞርኩብዎ። አልተቆጡም። ጥግ ላይ የወደቀውን ቅሌን አነሡና፣

«በራስህ ቅል ነው የምቀዳልህ» አሉኝ። «ውሃውም የምንጭ ነው። ከእኔ ቤት ዕቃ ምንም አልነካህም። ጠጣ፣ ልጄ።»

ጠጣሁ። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ቅሌ ተሰነጠቀና ከቤትዎ በሸክላ ዋንጫ የገብስ አጥሚት አመጡልኝ። ሰው እንዳያይ ወደ ደጅ አየሁና ያንንም ጠጣሁ። ዋንጫውን መልሼ ስሰጥዎ እንኳ እጅዎን ላለመንካት እጠነቀቅ ነበር። ይህንን አስተውለው እንደሆነ አላውቅም። ያስተዋሉ ይመስለኛል።

ይሁኔ ከእኔ ይልቅ ጠንቶበት ነበር። በስድስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ዓይኑን ገለጠና «እማዬ» አለ። እርስዎ «አለሁ» አሉት። እናቱ አለመሆንዎን ግን ለየ። ያን ጊዜ ነው እንዲህ ያለው፦

«አንቺ ሴትዮ፣ ብቻዬን አትተዪኝ። ዓይንሽን ከእኔ ላይ አታንሺ። ሰው ሳያየኝ መሞት ፈራሁ።»

«አላነሣም» አሉት። «ይኸው፣ እያየሁህ ነው።»

አዩትም። የሺ በጀርባዎ ላይ ስታለቅስ እያባበሉ እንኳ ፊትዎን ከእሱ አላዞሩም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እስትንፋሱ ቆመ። ዓይኑን ከደኑለት፤ በነጠላዎ ጫፍ ላቡን ከፊቱ ጠረጉለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቶሎ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በትኩሳት ራሴን የሳትኩ መሰለዎት።

እትዬ ታንጉት፣ ራሴን አልሳትኩም ነበር። ይሁኔ ያለውን ሁሉ፣ እርስዎም የመለሱለትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

እርስዎ ከዚያም በኋላ አምስት ቀን ተመላልሰው እኔን አስነሡኝ። በሐምሌ መጀመሪያ የይሁኔ ታላቅ ወንድም ጥጋቡ ዘመዶቹን አስከትሎ ከስማዳ መጣ። እንጨት ለቃሚዎች ከጎጆአችን ሲወጡ አይተውዎት ኖሮ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ነበር። ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሊቀመጡ ቀን ተቆረጠ። አባቴም በዋዜማው መጡ። ከበሽታ ተርፌ ሲያዩኝ አቅፈውኝ አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ ግን ወደ ጎን ወሰዱኝና፣

«ነገ ትጠየቃለህ» አሉኝ። «ከዚያች ሴት እጅ ጠጥቻለሁ ካልክ ድቁናህን እርሳው። የእኔም ክህነት ይነካል። ታምሜ ነበር፣ አላውቅም በል።»

«አባዬ፣ እሷ ባታጠጣኝ እኮ ሞቼ ነበር።»

«አላውቅም በል አልኩህ!»

በማግሥቱ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጠየቁኝ፤ «ልጅ ኃይለ ሚካኤል፣ ይህች ሴት ጎጆአችሁ ትገባ ነበር?»

«አላውቅም። ታምሜ ነበር።»

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ጥፋቴ የፈሪ ልጅ ጥፋት በሆነ። ነገር ግን ጥጋቡ ከተቀመጠበት ተነሣ። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ ነበር። «ወንድሜን ምን አደረገችው? ምንም፣ ምንም አላየህም?» አለኝ። ሕዝቡ ሁሉ አፌን አፌን አየኝ። እርስዎ ከአቶ ጓዴ ጋር ከቅጥሩ በር ውጪ ቆመው ነበር፤ ገብታችሁ እንድትቆሙ እንኳ አልተፈቀደላችሁም። እኔም እንዲህ አልኩ፦

«አጠገቡ ቁጭ ብላ ትኩር ብላ ታየው ነበር።»

ይህንን አባቴ አላስጠኑኝም። የራሴ ነው። አንዲት የሐሰት ቃል የለችበትም፤ እውነት ነው፤ አይተውታል። ለምን እንዳዩት ግን አውቅ ነበር። ያቺን ቃል በዚያ ቦታ መናገር ምን እንደሚያስከትልም አውቅ ነበር። ሰው ሁሉ «በላችው!» ብሎ ሲነሣ ልቤ ምን እንደተሰማው ልንገርዎ፤ ዕረፍት ተሰማኝ። ጥያቄው ከእኔ ላይ ተነሥቶ እርስዎ ላይ አርፎ ነበርና።

የሆነብዎትን ለእርስዎ መተረክ አይገባኝም። ለየሺ ግን፣ ሕፃን ነበረችና፣ ያየሁትን እጽፋለሁ። የሺ፣ እናትሽ እንዲደርቅ የደረደሩትን ሸክላ የጥጋቡ ዘመዶች በእግራቸው እየረጋገጡ ሰባበሩት። ጥጋቡ የአባትሽን ወናፍ በጩቤ ቀደደው። አባትሽ ሊከለክሉት ሲሉ በዱላ ግንባራቸውን መታቸው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። የቻላችሁትን ተሸክማችሁ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ስትወጡ እኔ ከቅጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። አባትሽ እኔን ሲያዩ ቆሙ። ደማቸው ከዝናቡ ጋር ባንገታቸው ይወርድ ነበር። «አንተን እኮ ነው ያዳነችህ!» ብለው ጮኹብኝ። እናትሽ ክንዳቸውን ይዘው ጎተቷቸው።

«ተወው» አሏቸው። «ልጅ ነው። ራሱን ስቶ ነበር፤ ምን ያውቃል።»

ይህን ካሉ በኋላ ዞር ብለው አላዩኝም።

ድቁናውን ተቀበልኩ። ቆሜ ስቀድስ ግን ያ ቃሌ ይመጣብኝ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላኝ ተውኩት። ወደ ጎንደር ሄጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ። ሰነፍ አልነበርኩም። ፈተና ባለፍኩ ቁጥር ያ ቀን ይርቅልኛል እያልኩ በላይ በላዩ ተማርኩ። በመጨረሻ መንግሥት ስዊስ ወደሚባል የፈረንጅ አገር ላከኝ።

የገባሁባት ከተማ ሁለት ስም አላት። ግማሹ ሕዝብ ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ እሱ ፍሪቡር ይላታል። ግማሹ ጀርመንኛ ይናገራል፤ እሱ ፍራይቡርግ ይላታል። በገደል ሥር የሚወርድ ወንዝ አላቸው፤ ለወንዙም ሁለት ስም አውጥተውለታል። ድሆቹ በሚኖሩበት በታችኛው ሰፈር ሁለቱ ቋንቋ ተደባልቆ ይነገራል። እኔ የኖርኩት እዚያ፣ የሰው ልብስ እየተኮሱ በሚኖሩ ባልቴት ቤት ነበር። ስማቸው ሮዛ ነው።

በቤታቸው አጠገብ ባለው መንገድ ላይ አንድ ውሃ አለ። ምንጭ እንዳልል በሰው እጅ የተሠራ ነው። ትልቅ የድንጋይ ገንዳ፣ በመካከሉ የቆመ ዓምድ፣ ከዓምዱ በቧንቧ ሌት ተቀን የሚወርድ ውሃ። የማንም አይደለም፣ የሁሉ ነው። የፈለገ ይቀዳል፣ የፈለገ ይጠጣል። በዓምዱ ራስ ላይ የድንጋይ ምስል ተቀርጿል። እኔ በዚያ በኩል አንድ ዓመት ሙሉ ስመላለስ ቀና ብዬ አላየሁትም።

አንድ የጾም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወይዘሮ ሮዛ እዚያ ቆም አሉ። «እኔና ባሌ የተዋወቅነው ከዚህ ስንቀዳ ነው» አሉኝ። «የእኔ ወገን ጀርመንኛ ተናጋሪ፣ የእሱ ወገን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር። ለሠርጋችን ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው አልመጣም። አንተ ግን እስቲ ቀና በል። ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

ቀና አልኩ። በአንድ ወገን ክርስቶስ ተቀምጧል። በሌላው ወገን አንዲት ሴት ማሰሮዋን ይዛ ቆማለች። በመካከላቸው ጉድጓድ አለ።

«እንዴታ! ሳምራዊቷ ናት» አልኩ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርቴን ላሳያቸው ጓጉቼ መተረክ ጀመርኩ። ክርስቶስ መንገድ ደክሞት ከጉድጓዱ አፍ ተቀመጠ አልኩ። ሴትየዋ ልትቀዳ መጣች፤ የእሱ ወገኖችና የእሷ ወገኖች በአንድ ዕቃ አይጠጡም ነበር፤ እሱ ግን ውሃ አጠጪኝ አላት፤ እሷም ደንግጣ «አንተ ከእኔ ማሰሮ…» አልኩና ዓይኔ ማሰሮዋ ላይ ቀረ።

እትዬ ታንጉት፣ ያን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀው ነበር። ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ከገንዳው ፊት እስክቆም ድረስ የማን ታሪክ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ጌታ ራሱ ለምኖ የጠጣው ከእንዲህ ያለች ሴት ዕቃ ነው። እኔ ፊቴን አዙሬብዎ እንኳ ከእጅዎ ጠጥቼ ድኜ፣ አላውቅም ብዬ አስባረርኩዎት። ለሳምራዊቷ በዚያ አገር አደባባይ ላይ ሐውልት ቆሞላት፣ አራት መቶ ዓመት ሙሉ የሁለቱም ቋንቋ ሰው ከሥሯ ሲቀዳ ኖሯል።

ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ። ወይዘሮ ሮዛ ቆመው ሰሙኝ።

«ሴትየዋ በሕይወት አለች?» አሉኝ ስጨርስ።

«አላውቅም።»

«ፈልገሃታል?»

«አልፈለግኋትም።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? እኔን ምንም አልበደልከኝም» አሉና የጸሎት መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አላጽናኑኝም። ያን ጊዜ ተቀይሜያቸው ነበር። አሁን ሳስበው ካጽናኑኝ ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ ባለፈው ነሐሴ ስመለስ አዲስ አበባ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ጋይንት ስደዱኝ ብዬ ማመልከቻ ሳስገባ ሰው አበደ አለኝ። የንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አድርገው ሾሙኝ። እንደመጣሁ ወደ እስቴ የሄዱ ባለ እጆችን ሁሉ ማጠያየቅ ጀመርኩ። መምህር ቀለመ ወርቅ፣ ያው የቤተ ልሔም የትምህርት ጓደኛዬ፣ «ታንጉት የምትባል ሸክላ ሠሪ በመካነ ኢየሱስ ገበያ አለች» ብሎ ጻፈልኝ።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ መጣሁ። ከሩቅ ዐወቅሁዎት። ጠጉርዎ ሸብቷል፣ እጅዎ ያው ነው። ማሰሮዎቹን በገለባ ላይ ደርድረው ተቀምጠው ነበር። ኮትና ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊትዎ ሲቆም ከመቀመጫዎ ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ምን ልስጥዎ?» አሉኝ።

እርስዎ እኔን በአንቱታ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። «እንደምን ዋሉ» አልኩ። ዘንበል ብለው አዩኝ።

«ይህን ድምፅ ዐውቀዋለሁ። አንተ የቤተ ልሔሙ ተማሪ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«አቤት! ድነህ ሰው ሆንክ!» አሉና እጅዎን ወደ ፊቴ ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። ለካ እኔን ላለመንካት እርስዎም ይጠነቀቁ ነበር። አቶ ጓዴ አምና ማረፋቸውን ነገሩኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎ እንኳ በቅጡ አላልኩም። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ያሉኝን እስክሞት አልረሳውም፦

«እግዜር ነው የላከህ። አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንተ ራስህን ስተህ ነበርና አታውቅም እንጂ፣ ያ ጓደኛህ ሲሞት እናቱን ጠርቷል። እይኝ፣ ዓይንሽን አታንሺ ብሎኝ እያየሁት ነው ያረፈው። ብቻውን አልሞተም። እናቱ ይህን ሳትሰማ እንዳትሞት እያልኩ ስጨነቅ ኖርኩ። እኔ ብሄድ ወንድሙ ይገድለኛል። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ይሰሙሃል። ንገርልኝ።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቤትዎን ላፈረሱ ሰዎች እናት አዝነው፣ የልጃቸውን ቃል በአደራ ይዘው ቆዩ። እኔ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ነገሩኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ብቻ። ገበያተኛ መጥቶ ማሰሮ ሲያንኳኳ ቀስ ብዬ ሄድኩ።

አደራዎን አድርሻለሁ። በታኅሣሥ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዤ ስማዳ ገባሁ። የይሁኔ እናት እማማ አበራሽ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከጥጋቡ ጋር ነው የሚኖሩት። የይሁኔ ጓደኛ ነኝ ስላቸው ከተቀመጡበት ሆነው ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱኝ። ጥጋቡ በግ ልረድ ብሎ ተነሣ። «አትረድ። መጀመሪያ የመጣሁበትን ስማ» አልኩት። አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ይሁኔ ያለውን፣ እርስዎ የመለሱትን፣ እኔ በሽማግሌ ፊት የተናገርኩትን፣ እያወቅሁ መናገሬን ጭምር።

ጥጋቡ ዘሎ ኮሌታዬን አነቀኝ። «በእጄ የሰው ደም አፍስሼ እኮ ነው የተመለስኩት! ልጅ ያዘለች ሴት በዝናብ አባርሬ! አንተ ዝም ብለህ እያየህ!» አለ። አልተከላከልኩም። እማማ አበራሽ «ልቀቀው» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«ጠምቶት ነበር?»

«እንዴት እማማ?»

«ልጄ ሲሞት ውሃ ጠምቶት ነበር ወይ? የሚያጠጣው አጥቶ ነው የሞተው እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ውሃ ስጠጣ ያንቀኛል።»

«አልጠማውም» አልኳቸው። «ስድስት ቀን ሙሉ ስታጠጣው ነበር። የመጨረሻዋን ጉንጭ ከዋጠ ብዙም አልቆየ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና አለቀሱ። እንደ ለቅሶ ቤት ልቅሶ አልነበረም፤ ድምፅ የለውም። ጥጋቡ ደጅ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እስኪመሽ አልገባም።

ከስማዳ ስመለስ በቤተ ልሔም አለፍኩ። እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ በመሰከርኩበት ቅጥር ቆሜ ምስክርነቴን አፈረስኩ። አንዳንዱ «የቆየ ነገር ምን ይቀሰቀሳል» ብሎ ሄደ። አንዳንዱ «ባለ እጅ ምን አስደገመብህ» አለኝ። ከዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች ሁለቱ ግን ቀርበው እጄን ያዙ፤ አንደኛው አለቀሱ። አባቴም መጥተው ነበር። የእሳቸውን ምክር ለሕዝቡ አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን እውነቱን ሁሉ መጻፍ ስላለብኝ ጻፍኩት። አባቴ ቃሌን እስከ መጨረሻው ሰሙና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። በገና ዕለት ቤታቸው ሄጄ በሩ አልተከፈተልኝም። አልፈርድባቸውም፤ ሸምግለዋል፣ ከባድ ነው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ወደሚያስጽፈኝ ነገር ልምጣ። የሺ፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ።

እማማ አበራሽ ወደ እርስዎ እየመጡ ነው። ቤቱን አሳየኝ፣ እጇን ልሳም ብለው አስቸገሩኝ፤ መንገዱ ይጎዳዎታል ብላቸው አልሰሙኝም። የአስተርእዮ ማርያም ማግሥት መካነ ኢየሱስ ይደርሳሉ። በቅሏቸውን የሚስበው ጥጋቡ ነው። ከስማዳ ሰዎች ሲመጡ በድንገት ቢያዩ ያለፈው ሁሉ እንዳይመጣብዎትና እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት። ጥጋቡ መሣሪያ አይዝም፤ ከመንደሩ ዳር ካለው የመምህር ቀለመ ወርቅ ቤት አልፎ አይመጣም። ራሱ ነው እንዲህ ያለኝ፤ «እሷ ካልጠራችኝ አልገባም። ባትጠራኝም እናቴን አድርሼ እመለሳለሁ።» ይምጣ ካሉ አንድ ሰው ይላኩበት። አይምጣ ካሉም ማንም ቅር አይሰኝብዎትም። እማማ አበራሽንም ቢሆን፣ ልብዎ እምቢ ካለ፣ ለቀለመ ወርቅ በአንድ ቃል ይንገሩት፤ እሱ ቤት አርፈው ይመለሳሉ። መቀበልም አለመቀበልም የእርስዎ ነው።

እኔ አብሬያቸው አልመጣም። ይቅርታ ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን በአንዲት እናት ለቅሶ ተከልዬ ገብቼ ይቅርታ መለመን አላማረኝም። ብቻዬን መጥቼ፣ ፊትዎ ቆሜ፣ እንደዚያን ቀኑ አፌ ሳይያዝ ልለምንዎ ነው የምሻው። እርስዎ የሚሉኝ ቀን እመጣለሁ። ምንም ካላሉኝም ከዘንድሮ ጀምሮ በየዓመቱ ለአቶ ጓዴ አስቀድስላቸዋለሁ። እሳቸው ያን ቀን የጮኹብኝ ቃል ልክ ነበር።

የሺ፣ እስከዚህ ካነበብሽ በእኔ ቂም ብትይዢ እውነት አለሽ። እናትሽ ስለ እኔ መልካም ቢናገሩ እንኳ የራስሽን ፍርድ አትተዪ።

እማማ አበራሽ ስማዳ ላይ ስሰናበታቸው አንድ ነገር ብለውኛል፤ በዚሁ ላብቃ። ለጉዞው ምን ልያዝልዎ ብላቸው፣ «ምንም አትያዝልኝ። ልጄን ያየ ዓይኗን አየዋለሁ፤ ይበቃኛል» አሉኝ።

በቀረው ዘመኔ እውነቱን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም የምናገር፣
ያዳኑት በዳይዎ

ኃይለ ሚካኤል አስማረ